ሦስት ጊዜ የተጠራ ስም

ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ቤቶቹ እየሳሱ በሚሄዱበት አካባቢ፣ ከአንድ ድንጋይ የተፈለፈለ የውሃ ገንዳ ነበረ። ሁለት ሰው እግርና እግር ገጥሞ ቢተኛበት ይበቃዋል። ከበረሃ የሚወጣ ግመልና አህያ ስንት ዘመን አንገቱን ሲያሽበት ስለኖረ ከንፈሩ እንደ ሳሙና ልሟል። ጎረቤቴ ቢልቂስ ከሙሽርነቷ ጀምሮ እስከ አምና ጥር ድረስ በየማለዳው ትሞላው ነበር።

ሱብሂ ሰግዳ ስታበቃ ቢጫ ጀሪካኗን ይዛ ትወጣለች። ዱሮ ከገንዳው አጠገብ ጉድጓድ ነበረ፤ እሱ ከደረቀ ወዲህ የምትቀዳው ከቦኖ ነው። ስድስት ጊዜ ትመላለሳለች። ወገቧ ከጎበጠ በኋላ ጀሪካኑን በግማሽ እየሞላች አሥራ ሁለት ጊዜ መመላለስ ጀመረች። ማን ይጠጣልኛል ብለሽ ነው፣ ግመሉ እንደሆነ ዛሬ በመኪና ተጭኖ ያልፋል የሚሏት ነበሩ። እሷ ግን የተጠማው የሚመጣው ገንዳው ባዶ የሆነ ቀን ነው ትላለች።

የጭነት መኪና ሹፌር ለራዲያተሩ ሲቀዳ አትከለክልም፤ እሱም ጠምቶት ነው። ባጃጅ ሊያጥብ የመጣውን ግን አትምርም። አንድ ቀን አንዱ ጎረምሳ ባልዲውን ነክሮ ሲያወጣ ደረሰችበት።

«ልጄ፣ ባጃጅህ ጠምቷት ነው?»

«አይ እማማ፣ ቆሽሻ ነው።»

«እንግዲያው ቦርከና ወስደህ ንከራት። ይኼ መጠጫ ነው፣ ገላ መታጠቢያ አይደለም።»

ልጁ ባልዲውን መልሶ ገልብጦ እየሳቀ ሄደ። ከዚያ ወዲያ በዚያ ባለፈ ቁጥር «እማማ፣ ዛሬስ ጠምቷታል» እያለ ይጮኽላታል፤ እሷም በጀሪካኗ ታስፈራራዋለች።

ቢልቂስ የኮምቦልቻ ልጅ አይደለችም። የተወለደችው ከደሴ ወዲያ ገራዶ ነው። ብርድ ለምዳ ያደገች ልጅ በአሥራ አራት ዓመቷ ለጀላል ተድራ በበቅሎ ወደዚህ ሙቀት ወረደች። የጀላል እናት ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ከጀላል በላይ አንድ ትልቅ ልጅ ነበራት። ያ ልጅ ከነጋዴዎች ጋር ጨው ሊያመጣ ወደ አፋር በረሃ ወርዶ ሳይመለስ ቀረ። አብረውት የወረዱት ሲመለሱ ውሃ አልቆባቸው መንገድ ላይ መሞቱን ነገሯት። እናቲቱ የአንገቷን ብር አውልቃ ሸጠች፤ ድንጋይ ጠራቢ አስመጣች፤ ከበረሃ የሚወጣ ፍጡር ሁሉ የመጀመሪያውን ውሃ ከዚህ ይጠጣ ብላ ገንዳውን አሠራች። አንድ ሸህ በጎኑ ላይ በአረብ ፊደል ጻፉበት። እሷ ግን ገንዳው ሲተከል ጽሑፉ ያለበት ጎን ወደ አፈሩ እንዲቀበር አዘዘች። ሰደቃ ለሰው ዓይን አይደለም አለች። ስለዚህ እኛ ሰፈርተኞቹ ጽሑፍ እንዳለው እንሰማ ነበር እንጂ ምን እንደሚል ያየ አልነበረም።

ቢልቂስ ሦስት ወልዳ ሦስቱንም ቀበረች። የጀላል ዘመዶች ተሰብስበው ይቺን ወደ አገሯ መልስና ሌላ አግባ ሲሉት፣ አማቷ ከጓዳ ወጥታ መሐላቸው ቆመች። «አንዱን ልጄን በረሃ ወሰደብኝ» አለቻቸው፤ «ይቺን ደግሞ እናንተ አትወስዱብኝም።» ከዚያ ቀን በኋላ ያንን ነገር ያነሳ የለም። አማቷ ስትሞት እንስራውን ለቢልቂስ ሰጥታ ገንዳዬን አደራ አለቻት። ይህን ሁሉ የሰማሁት ከራሷ ከቢልቂስ ነው። እኔ ከሐርቡ ተነስቼ ወደዚህ ሰፈር የመጣሁት በሰባ ሰባቱ ድርቅ ነው፤ ያኔ የጀላል እናት ካለፈች ሁለት ዓመት ሆኗታል። ያወቋት ሽማግሌዎችም አንድ በአንድ ሄዱ። ጀላል ራሱ ከሞተ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው።

የልጅ ልጄ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። እናቷ አረብ አገር ከሄደች ወዲህ ከእኔ ጋር ናት። ስሟ ዘሀራ ይባላል። ቢልቂስ ከእግሯ ሥር አታጣትም፤ ከኪሷም ተምር ወይም ቆሎ ጠፍቶላት አያውቅም። በስሟ ግን ጠርታት አታውቅም ነበር። እንቡጤ ነበር የምትላት። «እንቡጤ ነይ፣ እንቡጤ ያዢ።» አንድ ጊዜ ልጅቱ አኩርፋ መጥታ እማማ ቢልቂስ ስሜን አታውቀውም አለችኝ። ፍቅር ነው አልኳት። የሚወዱትን ሰው ሁሉ በስሙ ይጠሩታል እንዴ አልኳት። እኔም እንደዚያ ነበር የመሰለኝ።

ፊደል የቆጠርኩት ከዚህችው ልጅ ጋር ነው። አንደኛ ክፍል ስትገባ ደብተሯን ስታነብ አጠገቧ እቀመጣለሁ፤ እሷ ሀ ስትል ሀ እላለሁ። መጀመሪያ ያነበብኩት የመድኃኒት ቤት ማስታወቂያ ነበር። ቢልቂስ ትስቅብኝ ነበር፤ ኋላ ግን ወረቀት በመጣ ቁጥር ወደ እኔ ይዛ መምጣት ጀመረች።

አምና መስከረም ላይ ሰፈሩን ሰብስበው መንገዱ ሊሰፋ ነው አሉን። ከመንገዱ ወዲህ ሃያ እርምጃ ይነሳል፤ ገንዳው የነበረው ስምንት እርምጃ ላይ ነው። ነገር ግን ታሪክ ያለው ነገር፣ ማን እንዳሠራው የሚታወቅ፣ ምስክር ያለው ከሆነ በቅርስነት ይመዘገባል፤ ምልክት ይተከልለታል፤ መንገዱም ዞሮት ያልፋል ተባለ። ቢልቂስ ከስብሰባው ስትወጣ እጄን ያዘችና እስከ ቤቴ ሳትለቅ መጣች። አማቷ ከሞተች ጀምሮ አንድም ማለዳ አላጓደለችም። በጦርነቱ ጊዜ እንኳ ሰፈሩ ሁሉ ቤቱን ዘግቶ ሲሸሽ እሷ ቀርታ ሞልታዋለች፤ ማን እንደጠጣው አልጠየቀችም።

ቅጹን የሞላሁት እኔ ነኝ። ከፊቷ ተቀምጬ እያነበብኩ ጠየቅኳት፤ የነገረችኝን እያንዳንዱን ፊደል ሳልቸኩል ጻፍኩ። የተሠራበትን ዘመን ከጣሊያን መውጣት ጋር አስጠግታ ነገረችኝ። ያሠራችው ማን ናት የሚለው ላይ ስንደርስ፣ የሻሿን ጫፍ በጣቷ ጠቅልላ ፈታች።

«ሸጊቱ በይ» አለች።

የአባቷን ስም ስጠይቃት እኔ እንጃ አለችኝ። ባዶ መተው ነውር መስሎኝ «አባቷ ያልታወቀ» ብዬ ጻፍኩበት። አምሮ ስለተጻፈልኝ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ቢልቂስ አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ አተመችበት፤ ወረቀቱም ወደ ደሴ ሄደ።

በኅዳር ወር ከደሴ አንድ ባለሙያ መጣ። ምንይሉ ይባላል። ወጣት ነው፤ ሲናገር ለሰው ያጎነብሳል። ገንዳውን በሜትር ለካ፣ በስልኩ ፎቶ አነሳ፣ በእጁ ዳበሰው። እንዲህ ያለ ሥራ አይቶ እንደማያውቅ ነገረን። ጽሑፍ እንዳለው ሲሰማ ደስ አለው፤ ጽሑፍ ካለው አለቀ፣ ከዚህ የበለጠ ምስክር የለም አለ። ቢልቂስ ይቅርባችሁ፣ ያስቀበረችው እሷ ናት ብላ ለመነችው። እሱ በትሕትና መለሰላት፤ ሳያዩ መመዝገብ አይቻልም። ሁለት ሰዎች አፈሩን ቆፈሩት። የመስጊዳችን ሸህ አብዱልባሲጥ ተጠርተው መጡ፤ ቁጢጥ ብለው ጭቃውን በውሃ አጥበው፣ ጣታቸውን በፊደሎቹ ላይ እያስኬዱ አነበቡ።

«ይህ ውሃ ለአላህ ነው። የበሺር ልጅ ዘሀራ፣ በጥም ስለሞተው ልጇ።»

የልጅ ልጄ ከጎኔ ቆማ ነበር። የኔ ስም ነው አለች፤ ሰዉም ሳቀላት። እኔ ግን ቢልቂስን አየኋት። ሻሿን እስከ አፍንጫዋ ስባ፣ ሰው እንደመታው ልጅ ትከሻዋን ሰብስባ ቆማለች።

ምንይሉ ቅጹን ከቦርሳው አወጣ። «እማማ፣ እዚህ ላይ ሸጊቱ ነው የሚለው። ደግሞም አባቷ ያልታወቀ ይላል። ድንጋዩ ዘሀራ በሺር ነው የሚለው። ሸጊቱ ማን ናት?»

«እሷው ናት።»

«እሷው ማን?»

«የባለቤቴ እናት።»

«ስማቸውን ይንገሩኛ።»

ቢልቂስ መሬት መሬት አየች። ያኔ ነው የገባኝ። እናቴም እኮ የአባቴን እናት በስሟ ጠርታ አታውቅም ነበር። ሙሽራ ሆና የገባች ሴት የአማቷን ስም በአፏ አታነሳም፤ ራሷ ሌላ ስም ታወጣላታለች፤ በዚያው ስትጠራት ትኖራለች። በዚያው ስም የሚጠራ ሌላ ሰው ቢኖር እንኳ፣ ሕፃንም ቢሆን፣ ዞራ በሌላ ትጠራዋለች እንጂ በስሙ አትጠራውም። እኔ ስዳር አማት አልነበረኝም፤ ከመዳሬ በፊት ሞታለች። ስለዚህ ያ ወግ ከሐሳቤ ወጥቶ ነበር። ስንት ዓመት ሙሉ የልጅ ልጄን እንቡጤ ስትላት ፊቴ ተቀምጣ፣ ሰው አያለሁ፣ ሰው አውቃለሁ የምለው እኔ አላየሁትም። እሷም ቅጹን ስታስሞላኝ ልታታልል አልነበረም። ለሷ ያቺ ሴት ሸጊቱ ናት፤ ስትጠራትም አቤት ስትላት ኖራለች።

ለምንይሉ አስረዳሁት። ሸህ አብዱልባሲጥም ደገፉኝ፤ ሸሪዓው አይከለክልም፣ ስም መጥራት ኃጢአት የለበትም፣ ግን የአገሩ ወግ ነው አሉት። ምንይሉ እንደሚያምነን ተናገረ። ችግሩ ሌላ ነው አለ። ምዝገባው ከተጀመረ ወዲህ ቤቱን ለማትረፍ ታሪክ የፈጠረው ሰው በዝቷል፤ አንዱማ የወፍጮ ድንጋይ ቀብሮ የንጉሥ ዙፋን ነው ብሎ አስቆፍሯል። ምስክሯ ሌላ ስም፣ ድንጋዩ ሌላ ስም ይዞ ኮሚቴው ፊት ቢቀርብ አንብበው ይጥሉታል። ያቺን ሴት የሚያውቅ ሌላ ሰው ካለ እሱም ይበቃል። ከሌለ ግን ሐሙስ ደሴ መጥታ በራሷ አንደበት የአማቷን ስም ትናገር።

ሌላ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ረቡዕ ከሰዓት ልጠይቃት ሄድኩ። የተቆፈረውን አፈር በእጇ መልሳ ጽሑፉን ሸፍናዋለች፤ ጥፍሯ ሁሉ ጭቃ ነው። ከገንዳው ከንፈር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። በገባች በሳምንቷ ስሙን እንዴት እንዳወጣችላት ነገረችኝ። ሸጋ ሴት ነበረች፤ ስለዚህ ሸጊቱ አለቻት። በዚያ ስም የጠራት ሌላ ሰው በዓለም ላይ የለም። አንድ ቀን ብቻ፣ ገና ልጅ ሳለች፣ ከቦርከና ማዶ ስትጣራ እውነተኛው ስም ሊያመልጣት ምላሷ ላይ ደርሶ አፏን በእጇ ይዛዋለች። አማቷ ከማዶ አይታት ስቃባታለች።

«ልጅ አልሰጠኋት» አለችኝ። «ከነሱ ከለለችኝ፤ እኔ ምን ሰጠኋት? ያለኝ ይኼ ብቻ ነው ራሂማ። ስልሳ ዓመት ሊሆነኝ ነው፣ ስሟን እንደ ማንም ስም አላላመጥኩትም። ነገ አኼራ ስገናኛት ምን እላታለሁ?»

«ገንዳዋ ተሰብሮ ብታገኚያትስ ምን ትያታለሽ?» አልኳት።

እንዲህ ማለቴን አላህ ይቅር ይበለኝ። ያኔ ትክክል መስሎኝ ነበር። ቢልቂስ እሺ አለችና ተነስታ ጀሪካኗን አነሳች።

ሐሙስ በሚኒባስ ወጣን። ጠመዝማዛውን ስንጨርስ ደሴ በጭጋግ ተሸፍናለች። ቢልቂስ ብርዱን ረስታዋለች፤ ስስ ነጠላዋን ለብሳ ትንቀጠቀጣለች። ያ በበቅሎ የወረደችበት መንገድ ነው፤ እኔ እሱን አንስቼ ላጫውታት ሞከርኩ። የቢሮውን ደረጃ እያሳረፍኳት ወጣን። ክፍሉ ውስጥ አምስት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ተቀምጠዋል። ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ወንበር ሰጧት፤ አንዷ ሴትዮ ብርዱን አይታ መስኮቱን ዘጋችላት። ምንይሉ ነገሩን አስረዳ። ሊቀ መንበሩ ገንዳውን ያሠሩት ሴት ማን ይባላሉ ብሎ ጠየቃት።

ቢልቂስ ከወንበሩ ተነሳች። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ከጎን አየሁ፤ ድምፅ ግን አልተሰማም። ድምፅዎን ከፍ ያድርጉልን አሏት። ሁለተኛ ተናገረች፤ አሁን ሁላችንም ሰማን። ጸሐፊው ግን ስልኩን ድምፅ ለመቅዳት አዘጋጅቶት ሳይጫነው ቀርቶ ነበር። በጣም ይቅርታ እማማ፣ አንድ ጊዜ ይድገሙልን አላት።

«ዘሀራ» አለች። «ዘሀራ። የበሺር ልጅ።»

ጣቷን ቀለም ነክረው አሳተሟት። አልቋል፣ አብሽሩ አሉን። በመንገድ ላይ ነጠላዋን ተከናንባ ሰው እንዳያያት ፊቷን ሸፈነች። ኮምቦልቻ ስንወርድ ቀጥታ ወደ ገንዳው ሄደች። በእፍኟ ቀድታ አፏን ተጉመጠመጠችና ራቅ ብላ አፈሩ ላይ ተፋችው። እንደገና ተጉመጠመጠች። እኔ ጀሪካኗን ይዤ ቆሜ ጠበቅኋት።

ከዚያ ወዲህ ጠበቅን። በየሳምንቱ ለምንይሉ እደውላለሁ። መጀመሪያ ኮሚቴው ተቀብሎታል አለኝ። ቀጥሎ ለፊርማ ወደ ላይ ሄዷል አለኝ። በታኅሣሥ መጨረሻ ወደ ሌላ ወረዳ መዛወሩን፣ ነገር ግን ጉዳዩን እንደሚከታተልልን ነገረኝ። ቢልቂስ አንድም ቀን ምን ደረሰ ብላ አልጠየቀችኝም። በየማለዳው ትሞላዋለች። ልጄንም እንቡጤ ትላታለች።

በጥር አንድ ማክሰኞ ማለዳ ማሽኑ መጣ። መሐንዲሱ የያዘው ዝርዝር ላይ ገንዳው የለም። ሮጬ ለምንይሉ ደወልኩ፤ ተመዝግቧል፣ ደብዳቤው መንገድ ላይ ነው አለ። ስልኩን ለመሐንዲሱ ሰጠሁት። ሰውየው እስከ መጨረሻው አዳመጠና በስልክ ቃል ሥራ ማቆም እንደማይችል ነገረኝ። ደህና ሰው ነበር፤ ሳይሰበር አንስተን ዳር እናስቀምጥላችኋለን፣ ደብዳቤው ሲመጣ ትተክሉታላችሁ አለን። ውሃውን ቀድተን እንድናወጣ ጊዜ ሊሰጠን ፈለገ። ቢልቂስ የተሞላን ገንዳ አታፈስም። ስለዚህ ከነውሃው በሰንሰለት አስረው አነሱት።

እስከ ጉልበት ከፍታ ወጣ። ከዚያ መሐሉ ላይ፣ ግመሎቹ አንገታቸውን ሲያሹበት በሳሳው በኩል፣ ለሁለት ተከፈለ። ድምፁ ብዙ አልነበረም። ውሃው በአስፋልቱ ላይ ወርዶ እስከ ቢልቂስ ጫማ ደረሰ። ኦፕሬተሩ ወርዶ ራሱን ይዞ ቆመ። ቢልቂስ ጎንበስ ብላ ጀሪካኗን አነሳችና ወደ ቤቷ ገባች። ግማሾቹን ከሌላው ድንጋይ ጋር ጭነው ወሰዷቸው፤ ለየትኛው ጉድጓድ መሙያ እንደሆኑ የሚያውቅ የለም። በማግሥቱ ሱብሂ ላይ በሯ ሲከፈት ሰማሁ። ጀሪካኗን ይዛ እስከ ቦኖው ሄደች፣ ሞላች፣ ይዛ ተመለሰች፤ መንገዱ ዳር ቆመች። የምትገለብጥበት አልነበራትም። ወደ ቤቷ መልሳ አስገባችው።

በመጋቢት ሁለት ሰዎች በፒካፕ መጥተው አንድ የብረት ምልክት ተከሉ። ሰማያዊ ነው፤ ጽሑፉ ነጭ። ቢልቂስ አስጠራችኝ። ምርኩዟን ተደግፋ ከፊቱ ቆማለች፤ ልጄም ከትምህርት ቤት ስትመለስ አብራት ቆማለች። አንብቢልኝ አለችኝ። እኔ የመጀመሪያውን መስመር በዓይኔ አየሁ። የራሴ ቃል ነበር፤ መስከረም ላይ የጻፍኩት። ሌላ ነገር ብዬ ላነብላት አሰብኩ፤ በምን ታውቃለች። ልጅቱ ግን ከእኔ ይልቅ ፈጣን ናት፤ በትምህርት ቤት ድምፅዋ አነበበችው።

«የሸጊቱ ገንዳ። በዚህ ቦታ የነበረውን የድንጋይ ገንዳ ያሠሩት ወይዘሮ ሸጊቱ ናቸው። አባታቸው ያልታወቀ።»

«አባቷ ያልታወቀ?» አለች ቢልቂስ። ወደ እኔ ዞረች። የመጀመሪያው ቅጽ ለምልክት ሠሪው አስቀድሞ ሄዶ ኖሯል፤ ይህን ያወቅኩት ኋላ ነው። ቢልቂስ ብረቱን በእጇ ነካችው፤ ፊደሎቹን እንደማይታወቅ ነገር ዳበሰቻቸው። ያ ስም የሁለቱ ብቻ ነበር፤ አሁን ባጃጅ ሁሉ ያነበዋል።

«ሦስት ጊዜ ነው ያስጠሩኝ» አለች።

ይስተካከል ብዬ ደሴ ሄጄ ነበር። አዲስ ቅጽ ሞልተሽ፣ ምስክሯን ይዘሽ ነይ አሉኝ። ቅጹን ተቀብዬ መጣሁ። እስከ ዛሬ ሳጥኔ ውስጥ ነው። እሷን እንደገና እዚያ ክፍል ውስጥ የማቆምበት ልብ የለኝም።

ምልክቱ በተተከለ በሦስተኛው ቀን ደጃፌ ላይ የሽሮ አተር ስለቅም ቢልቂስ ከበሯ ስትጣራ ሰማሁ። ድምፅዋ ደህና ነው፤ እንደ ማንኛዋም ጎረቤት።

«ዘሀራ፣ ዘሀራ። ነይ እስቲ በሩን ክፈቺልኝ።»

ልጄ ሮጣ ሄደች። ትንሽ ቆይታ ተመለሰች፤ ፊቷ በርቷል።

«አያቴ፣ እማማ ቢልቂስ ስሜን አወቀችው» አለችኝ።

አዎ አልኳት። ከዚያ ቀን ወዲህ እንቡጤ ብላ ጠርታት አታውቅም።